ዋግን ሳይቃጠል በቅጠል፦ በኪስ ያለው ስልክ ለማሳው ምን ይሠራል?

በክረምቱ ማብቂያ አንድ ስንዴ አብቃይ አርሶ አደር ማለዳ ማሳውን ሲቃኝ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት አየ እንበል። በጣቱ ሲነካው ቀለሙ እጁ ላይ ይቀራል። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በሌላ ጎጥ ሥራ ላይ ናት። ወረዳው ከተማ ደርሶ ለመመለስ ቀኑ አይበቃም። እስከ ቅዳሜ ገበያ ልጠብቅ ቢል አራት ቀን ያልፋል። ኪሱ ውስጥ ግን ካሜራ ያለው ስልክ አለ። እስከ ዛሬ ያገለገለው ለመደወልና ልጆች ዘፈን እንዲያዩበት ብቻ ነው።

እነዚያ አራት ቀናት ቀላል አይደሉም። ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲያገኝ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ አዲስ ዱቄት ያወጣል፤ ነፋስ ደግሞ ከማሳ ወደ ማሳ ያደርሰዋል። በ2002/03 የምርት ዘመን ኩብሳ በተባለው የስንዴ ዝርያ ላይ የደረሰውን ጉዳት ብዙዎች አይረሱትም። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ የተተካው ዲገሉም በ2006 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ተመታ። አምና የተቋቋመ ዝርያ ዘንድሮም ይቋቋማል ብሎ መተማመን እንደማይቻል ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሚያዋጣው ማሳን ደጋግሞ መቃኘትና ምልክቱን ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ማድረስ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።

ፎቶው እንዲናገር

ለባለሙያ የሚላክ ፎቶ ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ አቧራና ላብ ምስሉን ያደበዝዙታል። ቀጥሎ በቀን ብርሃን ሦስት ፎቶ ማንሳት ነው። አንዱ ማሳውን ከሩቅ፣ ሁለተኛው የታመመውን ቅጠል ፊቱንም ጀርባውንም ከቅርብ፣ ሦስተኛው ግንዱን ያሳያል። ቢጫ ዋግ በአብዛኛው በቅጠሉ ላይ በመስመር ይወጣል፤ ግንድ ዋግ ደግሞ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ግንዱን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ግንዱ ያልታየበት ፎቶ ግማሽ መረጃ ነው። ከቅጠሉ አጠገብ ጣት ወይም ሳንቲም ማድረግ መጠኑን ያሳያል።

ከፎቶው ጋር የዝርያው ስም፣ የተዘራበት ቀን፣ ምልክቱ መቼ እንደታየ፣ እስካሁን የተረጨ ነገር ካለና የጎጡ ስም በድምፅ መልእክት ይላካል። መጻፍ ለማይችልም ይህ ቀላል ነው። ኔትወርክ በሌለበት ማሳ ፎቶውን አንስቶ፣ ኮረብታ ላይ ሲወጡ ወይም መንደር ሲደርሱ መላክ ይቻላል።

የሰብል በሽታን ከፎቶ የሚለዩ መተግበሪያዎችም አሉ። እነሱ የሚሰጡት ግን ግምት ነው። መተግበሪያ አዘዘኝ ብሎ ኬሚካል መግዛት ለኪሳራም ለጤና ጉዳትም ይዳርጋል። የኬሚካሉን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ባለሙያ ነው።

የቁልፍ ስልክ ብቻ ያለውም አልተረሳም። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር ያለ ክፍያ የሚደወልበት ሲሆን፣ ስለ ዋና ዋና ሰብሎች ከእርሻ ዝግጅት እስከ ድኅረ ምርት ያለውን ምክር በድምፅ ያሰማል።

የማይረሳ አስታዋሽ

በስልክ ላይ ካሉት አገልግሎቶች ብዙም የማይነካው ማስታወሻና ማንቂያ ደወል ነው። ለወተት ላም ባለቤት ግን ዋጋው ትልቅ ነው። መስከረም 1 ቀን በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለች ላም ካልያዘች ከመስከረም 19 እስከ 25 ባሉት ቀናት የድራት ምልክት ልታሳይ ትችላለች። እነዚያን ቀናት ሳያዩ ማሳለፍ የ3 ሳምንት ወተት መክሰር ነው። ከያዘች የምትወልደው በሰኔ አጋማሽ ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሚያዝያ አጋማሽ ማንጠፍ ይገባል። ሦስቱንም ቀን በተዳቀለችበት ዕለት ስልክ ላይ መዝግቦ ማስቀመጥ ይቻላል። ዩሪያ በሁለተኛ ዙር የሚጨመርበት ቀን፣ የዶሮ ክትባትና ከመድኃኒት በኋላ ወተቱ የማይሸጥባቸው ቀናትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የስልኩ ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ይለያል። ጠዋት 1 ሰዓት እንዲጮህ የሚፈልግ ሰው ደወሉን 7 ሰዓት ላይ፣ ያውም በጠዋቱ በኩል መሙላት አለበት። ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ የኢትዮጵያን ዘመን መቁጠሪያ የሚያሳይ መተግበሪያ መጫን ይረዳል።

ወጪው ሲመዘገብ

ነጋዴ ማሳ ድረስ መጥቶ ዋጋ ሲጠራ አርሶ አደሩ ወጪውን ካላወቀ የሚከራከርበት የለውም። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የጉልበት ሥራ፣ የበሬ ወይም የትራክተር ኪራይ፣ ጆንያና መጓጓዣ በወጡበት ቀን ስልኩ ላይ ቢጻፉ ወይም በድምፅ ቢቀዱ፣ በመጨረሻ ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ጠቅላላ ወጪው 36 ሺህ ብር ሆኖ 12 ኩንታል የተገኘ ከሆነ አንዱ ኩንታል 3 ሺህ ብር ወጥቶበታል። ከዚያ በታች መሸጥ ኪሳራ ነው። የራስና የቤተሰብ ጉልበትም ሊቆጠር ይገባል። የማዳበሪያና የዘር ደረሰኝ ፎቶ ተነስቶ ቢቀመጥ ደግሞ ቅሬታ ሲኖር ማስረጃ ይሆናል።

የማሳን ስፋት የሚለኩ መተግበሪያዎችም ለማዳበሪያና ለኬሚካል መጠን ግምት ይጠቅማሉ። በአነስተኛ ማሳ ላይ ግን የጥቂት ሜትር ስህተት ብዙ ነው፤ ለድንበር ክርክር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን አይተኩም።

ገንዘብ፣ ባትሪና ፓኬጅ

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምርት ሽያጭ በስልክ የሚከፈልበት አጋጣሚ በዝቷል። ሻጩ ሊጠነቀቅ የሚገባው ገዢው በራሱ ስልክ በሚያሳየው መልእክት እንዳይታለል ነው። ጆንያው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት *127# ደውሎ የራስን ሂሳብ ማየት ይገባል። ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም። የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ቁጥሩን ይንገሩን» የሚል ሰው ሌባ ነው።

ፓኬጅ ቶሎ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ቴሌግራም ቪዲዮዎችን ራሱ እያወረደ ስለሚጨርሰው ነው፤ ከማስተካከያው ውስጥ ይህን ማጥፋት ይቻላል። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ምልክት ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል። በዚያን ጊዜ የአውሮፕላን ምልክት ያለውን ቁልፍ መንካት ባትሪውን ያቆየዋል፤ ካሜራውና ማስታወሻው ግን ይሠራሉ።

መልስ የሌለው መልእክት

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ከወዲያኛው ወገን መልስ የሚሰጥ ሲኖር ነው። በየወረዳው የተከፈቱ የቴሌግራም ቡድኖች የስብሰባ ጥሪና የአቀባበል ፎቶ ብቻ የሚለጠፍባቸው ከሆኑ፣ ዋግ ያየ አርሶ አደር ፎቶው ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለሰብል ጥበቃ ብቻ የሚያገለግል ቡድን ለይተው፣ በየቀኑ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በስም ሊመድቡ ይገባል። የመጣው ጥቆማ በቀበሌና በቀን ቢመዘገብ በሽታው ወደ የት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል፤ የሚረጭ ኬሚካልም ቀድሞ ወደዚያ ይጓጓዛል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ፓኬጅ ከኪሳቸው እየሞሉ የመንግሥት ሥራ እንዲሠሩ መጠበቅም አይገባም።

ስልክ የሌላቸውም አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴት አባወራዎች ናቸው። በየልማት ቡድኑ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ አንድ ሰው የጎረቤቶቹን ማሳ ጭምር ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ማድረግ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። በመግቢያችን ያነሳነው አርሶ አደርም ያንን ፎቶ ማለዳ ቢልክና ከቀትር በፊት መልስ ቢያገኝ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚሄደው ምክር ፍለጋ አይሆንም። ማሳው ከተረጨ ቀናት ይሆነዋል።