ከቦሌ ወደ ዶሃ፤ ወደ ኳታር የሚሄድ መንገደኛ ሊያውቀው ስለሚገባ ልማድና ሕግ

በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኘው በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በምሽት የሚገኝ ሰው፥ ወደ ዐረብ አገሮች በሚነሡት አውሮፕላኖች ሰልፍ ላይ ሁለት ዐይነት መንገደኞችን ጎን ለጎን ያያል። አንደኛው ለንግድ፥ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት የሚሄድ ነው፤ መድረሻውንም መመለሻውንም ያውቃል። ሁለተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ ለቤት ሠራተኝነት ትሄዳለች። ቤተ ዘመዶቿ ከውጭ ተሰናብተዋት ቀርተዋል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ስፍራ እውነትነቱን ያጣል፤ ምክንያቱም ከሚሄዱት ብዙዎቹ የሚናፍቁት ፈጽሞ የማያውቁትን አገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር ሲማር በነበረበት ዘመን ከእነዚህ ሴቶች አንዷ በሰልፉ ላይ ወረቀት ዘርግታ «ጋሼ፥ ምን ይላል?» ብላ ጠይቃው ነበር። ወረቀቱ የሥራ ውል ነው። ቋንቋው ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው። በውሉ የተጻፈው ደመወዝ ደላላው በቃል ከነገራት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የምትሄድበትን ከተማ ስም ብጠይቃት «ዐረብ አገር» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም። እንግዲህ ይህች ጥያቄ በሰልፍ ላይ ሳይሆን አስቀድማ በቤት ብትጠየቅ ይሻል ነበርና፥ ስለ አንዲቱ ትንሽ አገር ስለ ኳታር የሚታወቀውን ከዚህ ቀጥለን በአጭሩ እንገልጣለን። ልዩ ምልክት ከሌለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ስለ አገሩና ስለ ጥንቱ ግንኙነት

ኳታር ከዐረብ ምድር ወደ ባሕረ ሰላጤው የገባች፥ ስፋቷ 11,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ በረሓማ ልሳነ ምድር ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ዶሃ በአውሮፕላን የሚወስደው ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሕዝቧ ቀድሞ ዕንቍ በመጥለቅ፥ ዓሣ በማጥመድና ግመል በማርባት ይኖር ነበር። በኋላ ግን ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ኑሮውን ለወጠው። በ1971 ነጻ መንግሥት ሆነች። ዛሬ ከነዋሪዋ መካከል የአገሩ ተወላጅ ከዐሥሩ አንድ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለሥራ የመጣ እንግዳ ነው።

በሃይማኖት ረገድ አገሩ ሙስሊም ሲሆን፥ ከሐንበሊ ትምህርት የተነሣውን ጥብቅ ሥርዐት ይከተላል። ለኢትዮጵያዊ ግን ይህ ዓለም ባዕድ አይደለም። በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ መጠጋታቸውን የእስልምና ታሪክ ይናገራል። ንጉሡም አሳልፎ አልሰጣቸውም። የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላልም ሐበሻ መሆኑን የማያውቅ ዐረብ የለም። ስለዚህ መንገደኛው ራሱን እንደ ዝቅተኛ እንግዳ ሳይሆን የቆየ ዝምድና እንዳለው ሰው ቈጥሮ ሊሄድ ይገባዋል።

፪. ስለ ቡናና ስለ ትሕትና

ዝምድናው በቡና ሥርዐት ላይ ጎልቶ ይታያል። እኛ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ብለን ሦስት ጊዜ እንጠጣለን፤ «በረካ» የሚለውም ቃል ከዐረብኛው የበረከት ቃል ጋራ አንድ ነው። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ብዙ ሳይቈሉ ሄል ጨምረው ያፈሉትን ቡና ጆሮ በሌላት ትንሽ ፍንጃል ከሥሯ ጥቂት ብቻ ቀድተው ያቀርባሉ። እንግዳው በቀኝ እጁ ይቀበላል። ፍንጃሉን ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርጎ እስኪመልስ ድረስ ቀጂው መቅዳቱን አይተውም። ይህን ምልክት የማያውቅ ሐበሻ በይሉኝታ ሲጠጣ ያመሻል። በ2015 ይህ የቡና ሥርዐት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

በአለባበስ ረገድ ወንድም ሴትም ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን ይገባቸዋል። ወንድ ለሴት እጁን ቀድሞ አይዘረጋም፤ እርስዋ ከዘረጋች ይጨብጣል። የሰውን፥ ይልቁንም የሴትን ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ ማንሣት ከነውርነቱ በላይ ያስከስሳል። በረመዳን ወር በቀን በአደባባይ መብላት፥ መጠጣትና ማጨስ ክልክል ነው። ዓርብ በቀትር ብዙው ሱቅ ይዘጋል።

፫. በአገር ቤት የተለመደ፥ በዚያ ግን ወንጀል የሆነ ነገር

ብዙ ኢትዮጵያውያንን ለእስራት የሚያጋልጠው ክፉ ዐሳብ ሳይሆን አለማወቅ ነው። ጫት በእኛ አገር በገበያ የሚሸጥ ቅጠል ነው፤ በኳታር ግን እንደ አደገኛ ዕፅ የሚቈጠር ስለሆነ ለዘመድ ስጦታ ብሎ አንዲት እስር እንኳ መያዝ ወደ ወኅኒ ያስገባል። ስለዚህ ሰው «አድርስልኝ» ብሎ የሰጠውን ዕቃ ፈትቶ ሳያይ የሚቀበል መንገደኛ በራሱ ይፈርዳል። የአልኮል መጠጥና የአሳማ ሥጋ ይዞ መግባት አይፈቀድም። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ መድኀኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ ያስጠይቃሉ።

ክርስቲያኖች በዶሃ ዳርቻ በተከለለው ስፍራ በአብያተ ክርስቲያናት ያመልካሉ። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን በዚያ የተከፈተው በ2008 ነው። ሙስሊሙን ወደ ሌላ ሃይማኖት መስበክ ግን በሕግ ያስቀጣል። ከጋብቻ ውጭ ያለ ግንኙነትም ወንጀል ስለሆነ፥ ያላገባች ሴት ብታረግዝ የምትቸገረው በሐፍረት ብቻ አይደለም፤ በፍርድ ቤትም ነው።

፬. ሊታዩ ስለሚገባቸው ነገሮች

ጊዜ ያለው መንገደኛ በባሕሩ ዳር የተሠራውን፥ በ2008 የተከፈተውን የእስልምና ጥበብ ሙዚየም፥ በ2019 የተከፈተውን ብሔራዊ ሙዚየም፥ እንዲሁም ሱቅ ዋቂፍ የሚባለውን ገበያ ሊያይ ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ያለችው የዙባራ ፍርስራሽ ከተማ በ2013 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በበጋቸው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከኅዳር እስከ የካቲት መጓዝ ይመረጣል።

ከሁሉ ይልቅ ኢትዮጵያዊ ሊያልፈው የማይገባው ግን በምሸይረብ ሰፈር ያለው የቢን ጀልሙድ ቤት ነው። በ2015 ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው ይህ ቤት ቀድሞ የባሪያ ነጋዴ መኖሪያ ነበር። ዛሬ የባርነትን ታሪክ ያስተምራል። ከሐበሻ ምድር እየተነዱ በቀይ ባሕር የተሻገሩት ሰዎች ታሪክም የዚሁ ክፍል ነው። ባርነት በኢትዮጵያ በ1942፥ በኳታር ደግሞ በ1952 በሕግ ቀርቷል።

፭. ስለ ሥራና ስለ ፓስፖርት

የዛሬይቱን ሠራተኛ ከጥንቱ ባሪያ ጋራ ማስተካከል ትክክል አይደለም፤ እርስዋ በፈቃድዋ የሄደች፥ ደመወዝ ያላት፥ ሕግም የሚያውቃት ናት። ነገር ግን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቆየው ከፋላ የሚባለው ሥርዐት የሠራተኛውን መግባት፥ መውጣትና መኖር በአሠሪው እጅ ያስቀመጠ ነበር። ኳታር ይህን ሥርዐት በየደረጃው አሻሽላለች። በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ የቀኑን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ የሳምንት ዕረፍት ሰጥቷል። በ2020 ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መለወጥ ተፈቅዷል። ከ2021 ጀምሮ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ ማደሪያና ምግብ ያልሰጠ አሠሪ 500 እና 300 ሪያል ይጨምራል። የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝም ያስቀጣል።

ሆኖም ሕግ በወረቀት ላይ እያለ፥ በተዘጋ ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት ስለ ሕጉ ካልሰማች ምን ይጠቅማታል? የአገራችን አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዓ.ም. የቪዛንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን ወጪ በአሠሪው ላይ እንደሚያደርግ ሳታውቅ፥ በሬና መሬት አሽጣ ለደላላ የከፈለች ስንት አለች? ስሟን ለውጣ የሄደችም ብትታመም ወይም ብትሞት ዘመዶቿን ማግኘት ያስቸግራል።

ስለዚህ የሚሄድ ሰው ከቦሌ ከመነሣቱ በፊት እነዚህን ይፈጽም፤ ውሉን በሚያውቀው ቋንቋ አስነብቦ ይረዳ፤ የፓስፖርቱንና የውሉን ግልባጭ ለቤተ ሰቡ ይተው፤ የአሠሪውን ሙሉ ስምና የከተማውን ስም በአማርኛ ጽፎ ይያዝ፤ በዶሃ ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ በቃሉ ያጥና፤ ለአደጋ ጊዜ በኳታር የፖሊስ ቁጥር 999 መሆኑን ይወቅ።

ያን ማታ ለዚያች እኅት ውሉን አንብቤ ስጨርስ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፥ «ታዲያ አሁን ምን አደርጋለሁ? ዕዳው እኮ ተበልቷል» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። የከተማዋን ስም ብቻ በወረቀቷ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍሁላት። እርስዋም ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።