ገና ስላልተወለደ ልጅ የሚደረግ ኀዘን

ልጅ ከእናቱ ማኅፀን ከመውጣቱ አስቀድሞ በወላጆቹ አሳብ ተወልዶ ያድጋል። አባት ስም ያስብለታል፤ አያት ለአራሷ የሚሆነውን ቡላና ቅቤ ታሰናዳለች፤ እናትም እንቅስቃሴውን እየጠበቀች በልቧ ታነጋግረዋለች። ስለዚህ በፅንሱ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት መታየቱ በተነገረ ጊዜ የሚደርሰው ኀዘን፥ የታወቀና የተወደደ ልጅ ሲሞት ከሚደርሰው ኀዘን የሚያንስ አይደለም።

በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር የሚገለጠው በወሊድ ቀን ነበር። አሁን ግን በድምፅ ሞገድ የማኅፀንን ውስጥ የሚያሳየው አልትራሳውንድ የተባለው መሣሪያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ይገልጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባወጣው መመሪያ፥ ነፍሰ ጡር ሁሉ 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በዚህ መሣሪያ እንድትታይ መክሯል። በሆሣዕና ከተማ፥ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ለሀዲያና ለከምባታ ሕዝብ ታላቅ መታከሚያ ነው። መሣሪያው መምጣቱ በረከት ነው፤ ነገር ግን ማየትን ያመጣ ሁሉ ማጽናናትን አብሮ አያመጣም።

ክፉውን ዜና የሰማች እናት በመጀመሪያ ትደነግጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረውንም አትሰማም። ቀጥላ መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብላ ተስፋ ታደርጋለች። ከዚህም በኋላ ራሷን መክሰስ ይመጣል፤ እንስራ መሸከሟን፥ እንሰት መፋቋን፥ ከባሏ ጋር መጣላቷን፥ የጎረቤትም እርግማን እያነሣች ምክንያቱን ትፈልጋለች። እንቅልፍ ይርቃታል። ትናንት ደስታ የነበረው የፅንሱ መንቀሳቀስ ዛሬ ልብ የሚወጋ ይሆንባታል። ባልም በበኩሉ እያዘነ፥ ወንድ ነኝና ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ሚስቱ እንደ ወቀሳ ትቆጥረዋለች።

ይህ ራስን መክሰስ ግን መሠረት የለውም። የብዙው ጉድለት ምክንያት እስከ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ ተለይቶ አልታወቀም። አከርካሪና አንጎል የሚሆነው ሥር እንኳ የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነውና፥ ብዙዎች እናቶች መፀነሳቸውን ሳያውቁ ነገሩ ይፈጸማል። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ከመፀነስ አንድ ወር አስቀድሞ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ቢወሰድ እንዲህ ያለውን ጉድለት ይቀንሳል፤ ይህም ለሚመጣው ጊዜ ምክር እንጂ ላለፈው መወቀሻ ሊሆን አይገባም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ማን ኃጢአት እንደ ሠራ በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታችን ኃጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ይህን የሚያውቅ ካህን ያዘነችውን እናት ኃጢአቷን እየጠየቀ ሊያስጨንቃት አይችልም።

ጉድለት የሚለው አንድ ቃልም እጅግ የተለያየ ነገር ይሸፍናል። የተሰነጠቀ ከንፈር በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ የራስ ቅሉ ሳይገጥም የቀረ ፅንስ ግን በሕይወት ቢወለድ የሚቆየው ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው። ሐኪም ይህን ሳይለይ በችኮላ ቢናገር፥ ሊድን ለሚችለው እንደማይድን ታለቅሳለች። ከሾኔ ወይም ከሺንሺቾ በኩል የመጣች እናት ነገሩን በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ልትሰማው፥ ባሏም አብሯት ሊቀመጥ፥ በማግሥቱም ተመልሳ ልትጠይቅ ይገባታል።

በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551፥ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖርበት በሕክምና ተቋም ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የፅንስን ሕይወት ክቡር ናት ብላ ታስተምራለች። እናቲቱ በሁለቱ መካከል ትቆማለች። ሐኪሙ ሕጉን ሳይሸሽጋት፥ ሳያጣድፋትም ይንገራት፤ ካህኑም ከመፍረዱ በፊት ይስማት። እስከ ወሊድ የጠበቀችውም ያቋረጠችውም ኀዘንተኞች ናቸውና።

ሞቶ ለተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ ለቅሶ አይቀመጥም፤ የእድር ድንኳንም አይተከልም። ጎረቤት ሌላ ትወልጃለሽ ብሎ ይሄዳል፤ እናት ግን ለዚህኛው ማልቀሻ ስፍራ አጥታ ትቀራለች። ካህኑ፥ ወንጌላዊው፥ ሼሁም ወደ ቤቷ ገብተው ቢያጽናኗት፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከወሊድ በኋላ ብትጎበኛት፥ ኀዘኑ ወደ ሕመም ሳይለወጥ ሊቀል ይችላል። ለወራት እንቅልፍ ያጣችው፥ ምግብ የጠላችውም ወደ ሐኪም ልትመራ ይገባል።

ሆስፒታሉ በስሟ የተጠራው የሀዲያ ልጅ እሌኒ፥ ያልወለደችው ንጉሥ በእደ ማርያም እንደ እናት ያከበራት ንግሥት ነበረች። በዚህ ስም በተጠራ ቤት ለመሣሪያው ክፍል እንደ ተሰጠ፥ ክፉ ዜና የሰማች እናት በሯን ዘግታ የምታለቅስበት፥ በቋንቋዋም የሚያነጋግራት ሰው የምታገኝበት አንዲት ትንሽ ክፍል ቢሰጥ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የጤናው ሹማምንትም ይህን ከመሣሪያው ግዢ ጋር አንድ አድርገው ሊያስቡት ይገባል።