አንበሳ ግቢ የሄድንበት እሑድ

የዛሬ ልጆች «መናፈሻ ውሰዱን» ሲሉ አንድ ቦታ ብቻ አይጠሩም፤ ያማርጣሉ። በእኛ ልጅነት የአዲስ አበባ ልጅ ሽርሽር ከተባለ የሚያስበው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ነበር። ጃን ሜዳ ለጥምቀት ነው፣ መስቀል አደባባይ ለደመራ ነው። በእነዚህ የሚኬደው ለበዓል እንጂ ለጨዋታ አይደለም። የሚሽከረከር ፈረስና ባቡር የሚባለውን ያየነው ካየንም ሲኒማ ቤት ነው። ዥዋዥዌ ከፈለግን አባባ ከግቢያችን ዛፍ ላይ ገመድ ያስርልን ነበር።

እኔ የማስታውሰው እሑድ በ1961 ዓ.ም. የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን መሳለሚያ ነው። አባባ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከመስከረም ጀምሮ «እወስዳችኋለሁ» እያለ ሥራ እየበዛበት ስምንት ወር አለፈ። ለፋሲካ ልብስ ስንጠብቅ ለሦስቱ ወንድሞቼ ሸሚዝ፣ ለእኔ ቀሚስ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ቆርጦ ሰፋልን። ሰማያዊ፣ ነጭ ጠቃጠቆ ያለው። እኔ አልወደድኩትም፤ የወንድሞቼ ሸሚዝ ላይ የተረፈ መስሎኝ ነበር። አባባ ግን አስቦበታል። ሰው ሲበዛ አንዱ ቢጠፋ ሌላውን እያሳየ «እንዲህ የለበሰ ልጅ አላያችሁም?» ለማለት ነው። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ልጃቸው በዓል ላይ የጠፋባቸው እናቶች «ምን ለብሶ ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ ከድንጋጤ የተነሳ አንድም ነገር መናገር ሲያቅታቸው አይቻለሁ። ስለዚህ ልጆቼን ወደ ሰው መሐል ስወስድ የአባባን ዘዴ ተከትያለሁ፤ ለዛሬ ወላጆችም እመክራለሁ፤ ቀለሙ ግን ደማቅ ይሁን።

እማዬ ከፋሲካ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ቆራርጣ፣ እንቁላል ቀቅላ፣ ቡና በፔርሙዝ ይዛ ወጣች። አያታችን፣ የእማዬ እናት፣ «እኔ አንበሳ አይቼ ምን ላደርግ» ስትል ከረመችና የዚያን ዕለት ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ ተገኘች። እማማ ነበር የምንላት። የተሳፈርነው በአንበሳ አውቶቡስ ነው። የአራት ዓመቱ ታናሼ ስሙን ሲሰማ አውቶቡሱ ወደ አንበሶቹ ብቻ የሚሄድ መስሎት፣ በየፌርማታው ለሚወርደው ሰው «አልደረስንም እኮ!» እያለ ሲጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ስድስት ኪሎ ወርደን ወደ አንበሳ ግቢ ስንሄድ፣ አደባባዩ ላይ ካለው ሐውልት አጠገብ እማማ ቆመች። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው። ዩጎዝላቪያዊያኑ አንቱን አውጉስቲንቺች እና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ነው። ዙሪያውን የነሐስ ቅርጽ አለው፤ የወደቁ ሰዎች ይታያሉ። ትልቁ ወንድሜ ጠጋ ብሎ አየና «እነዚህ ሰዎች ለምንድነው የተኙት?» አለ።

«አልተኙም። ፋሺስት ገደላቸው» አለች እማማ። «ከመካከላቸው አንዱ ወንድሜ ነው።»

አባባ ደነገጠ። «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉት፤ ልጆቹ ለመደሰት ነው የመጡት» አላት በለሆሳስ።

«ታዲያ መቼ ልንገራቸው? ሲያለቅሱ?» አለችው።

ከዚያ ቁጭ ሳትል፣ ድምጿን ሳትቀይር ነገረችን። ወንድሟ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ግራዚያኒ ለጣሊያን ልዑል መወለድ ደስታ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተጠራ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ግቢ ማለት ነው። ወንድሟ ዓይነ ስውር አክስታቸውን በበትር እየመራ ይዟት ሄደ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ፤ ጣሊያን ግቢው ውስጥ ባለው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈተ፤ ከዚያም ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 አድርሶታል። እማማ ቁጥር አታውቅም። እሷ የነገረችን «ሁለቱም አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውንም አላገኘንም» የሚለውን ብቻ ነው።

ወንድሜ «በትሩስ?» ብሎ ጠየቀ። «እሱንም አላገኘንም» አለችው። ከዚያ ዞር ብላ ሸንኮራ ሻጭ ጠርታ ለአራታችንም ገዛችልን። «በሉ፣ አሁን አንበሳውን እንየው!»

ግቢው ውስጥ የመጀመሪያው የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ቀጥሎ ክብ ሆነው የተሠሩት ጉረኖዎች። አንበሳ ግቢን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሲሆን፣ የዘሩ መነሻ ሰባት አንበሶች ናቸው፤ አምስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ወንዶቹ ጥቁር ጎፈራቸው ከአንገት አልፎ ደረትና ሆዳቸውን ይሸፍናል። የሩቅ አገር ሰዎች በሥዕል የሚያውቁት ቢጫ ጎፈር ያለው አንበሳ ከእኛዎቹ ጋር ቢቆም የሚያንስ ይመስለኛል፤ ይህ የአዲስ አበባ ልጅ ወገንተኝነት ነው ካላችሁም እቀበላለሁ። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከዚያ ግቢ የ15 አንበሶችን ዘረመል መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ያኔ ይህን ማን ያውቃል! እኛ የምናውቀው አንዱ ተነስቶ ሲያገሳ መሬቱ ከጫማችን ሥር እንደተንቀጠቀጠ፣ ታናሼም የእማዬ ነጠላ ውስጥ ገብቶ አልወጣም እንዳለ ነው። ሌላው ወንድ ተዘርሮ ሲያዛጋ እማማ «እሑድ ለአንበሳም እሑድ ነው» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከአንድ ሰዓት በፊት ስለ ወንድሟ ሞት ያወራች ሴት እንዲህ ስትስቅ ገርሞኝ ፊቷን ደጋግሜ ማየቴን አልረሳም።

ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ዳቧችንን በላን። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እናትና አባቴ ሥራ ሳይዙ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ነርስ ከሆንኩ በኋላ በዚያው አካባቢ ተረኛ ሆኜ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ሊነጋጋ ሲል አንበሶቹ ያገሳሉ። እኛ ለምደነዋል፤ ከገጠር የመጡ አስታማሚዎች ግን «የት ነው ያመጣችሁን?» እያሉ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር። እኔ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ሸንኮራና እማማ ትዝ ይሉኛል።

የእማማ አነጋገር ትክክል መሆኑ የገባኝ ሕፃናት ክፍል ስሠራ ነው። መርፌ ሊወጋ ያለን ልጅ «ምንም አያምም» ካላችሁት፣ ሲያመው በመርፌው ብቻ ሳይሆን በእናንተም ላይ ያለቅሳል፤ በማግስቱ ነጭ ጋውን ሲያይ ይደበቃል። «ትንሽ ያምሃል፣ እስከ ሦስት ቁጠር» የተባለው ግን አልቅሶ ይረሳል። እማማም የጠየቅናትን ብቻ፣ አጭርና እውነቱን መለሰች። አስከሬን እንዴት እንደሚሆን፣ ቤት ሲቃጠል ምን እንደሚመስል አልጨመረችም። ስንጨርስም ቀኑን መልሳ ሰጠችን።

ይህ ማለት ለሁሉም ልጅ በአንድ ዕድሜ ሁሉ ነገር ይነገር ማለት አይደለም። የልጅ ልጆቼ ሁለት ናቸው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከተከፈተው አንድነት ፓርክ አንበሳ ለማየት በልጄ መኪና ስንሄድ በስድስት ኪሎ በኩል አለፍን። አፌን ስከፍት ልጄ በመስታወቱ አየችኝና «እማዬ፣ እባክሽ ዛሬ ይቅር» አለችኝ። አባባ ያለው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። እሷ ግን ምክንያት ነበራት። ልጇ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከቴሌቪዥን በሰማው ወሬ ሌሊት እየባነነ አልጋው ላይ ይሸና ነበር። እንቅልፍ ያጣን ሕፃን የሞት ታሪክ ማሸከም ከእኔ ሙያም አይገኝም፤ ዝም አልኩ። ለአሥራ አንድ ዓመቷ እህቱ ሌላ ቀን፣ ብቻችንን ሆነን፣ ሐውልቱ ሥር ወስጄ ነግሬያታለሁ። እሷም እንደ ወንድሜ ስለ በትሩ ጠየቀችኝ።

ልጁ እንቅልፉ ተመለሰለት፣ አደገ። አምና በዚያው መንገድ ስናልፍ፣ ማንም ሳይጠራው፣ «እዚያ ላይ የተቀረጹት ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለ። እኔ እናቱን አየሁ። መሪውን ይዛ ወደ ፊት እያየች «ጣሊያን ገድሏቸው ነው። የአያትሽ ወንድም አንዱ ነው፣ አይደል እማዬ?» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ልጁ ትንሽ አሰበና «አንበሶቹ ለምን አላዳኗቸውም?» ሲል ጠየቀ።

«ያኔ አንበሶቹ እዚያ አልነበሩም» አለችው እናቱ። «ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ነው የመጡት።»

«ጥሩ» አለና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማየቱን ቀጠለ።