የቤትን ጣራ ከክረምት በፊት ስለ መመርመር

ቤትን በንጽሕና ለመያዝ ወለሉን መጥረግና ግቢውን ማጽዳት ብቻ አይበቃም፤ ጣራውም መታየት አለበት። ብዙ ሰው ግን ጣራውን የሚያስታውሰው ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ አልጋው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ሳፋ ይደቀናል፤ ሳፋው ሲሞላ ይደፋል፤ መስከረም ሲጠባ ነገሩ ይረሳል። የሚያፈስ ጣራ ግን እንደ በሽታ ነው። ምልክቱ አንድ ቦታ ይታያል፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

በጤና ላይ የሚያመጣው ጉዳት

ከአንድ ቀዳዳ በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ሊትር ያህል ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል፤ የጭቃውን ግድግዳ ያላላል፤ ምርጉ ሲሰነጠቅም ትኋን መሸሸጊያ ያገኛል። ርጥበት ባለበት ሁሉ ሻጋታ ይበቅላል። ሻጋታውም ሳልና የአፍንጫ መታፈን ያመጣል፤ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ቤት የሚውሉት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው።

የሚያፈሰው እህል በተቀመጠበት ጓዳ ላይ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። በቆሎ፣ ማሽላና ኦቾሎኒ ሲሻግቱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያፈሩ ይችላሉ። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቀቀልም አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተ እህል ታጥቦም ቢሆን መበላት የለበትም።

1ኛ፤ ከውስጥ ስለ መመርመር

ምርመራው በሚያዝያና በግንቦት ቢደረግ መልካም ነው፤ ቀዳዳ ቢገኝ ለማደስ ጊዜ ይኖራል። ፀሐይ በደመቀችበት ሰዓት በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ መመልከት ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ብልጭ ሲል ይታያል። ኮርኒስ ካለ ግን ቡናማ ክብ፣ ያበጠ ሥፍራ፣ የረገበ አቡጀዲ ወይም የሻጋታ ሽታ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። እንጨቱ በቢላዋ ጫፍ ሲነካ ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ በስብሷል ማለት ነው።

ልብ መባል ያለበት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃው ከላይ ይገባና እንጨቱን ተከትሎ ወርዶ፣ ምናልባት ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ፍለጋው ከእርጥቡ ሥፍራ ተነሥቶ ወደ ጣራው አናት ይሄዳል። ከግድግዳው ያለውን ርቀት ለክቶ መያዝ ከውጭ ሲፈለግ ይረዳል።

2ኛ፤ ከውጭ ስለ መመርመር

በመጀመሪያ ከምድር ላይ፣ ራቅ ብሎ መመልከት ነው። የጣራው አናት ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጎብጧል? ከጎበጠ ከሥር ያለው እንጨት ደክሟል ማለት ነው።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከተሠሩት ቤቶች መካከል የሸክላ ክዳን ያላቸው አሉ። በዚህ ዓይነቱ ጣራ አንዱ ሸክላ በሌላው ላይ ተደርቦ ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል። የተሰነጠቀ፣ በበረዶ የተሰበረ ወይም ከረድፉ የተንሸራተተ ሸክላ ካለ መለወጥ አለበት። ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን አያዋጣም፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ተመልሶ ይሰነጠቃል። በጣራው አናት ላይ የተደረደሩት ሸክላዎች የተያዙበት ሲሚንቶ፣ እንዲሁም ሁለት የጣራ ፊቶች የሚገናኙበት ቦይ በተለይ መታየት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሱት እነዚህ ናቸው። በሸክላ ክዳን ላይ መራመድ ግን አይገባም፤ አንዱን አድሳለሁ ሲሉ አምስቱን መስበር ይመጣል።

የቆርቆሮ ክዳን ከሆነ መታየት ያለበት ሚስማሩ ነው። ሚስማር መመታት ያለበት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃው በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማም ሲያረጅ ይሰነጠቃልና መለወጥ ይኖርበታል። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ድንጋይ መጫንም ልማድ አለ፤ ነገር ግን ድንጋዩ ሥሩ ርጥበት ይይዝና ቆርቆሮውን ያዝገዋል።

አሸንዳውም ቅጠልና አፈር እንዳይሞላው መጠረግ አለበት። ውሃ ከታቆረበት ትንኝ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ተፈልፍላ ልትበር ትችላለች። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የታየውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በቤት አካባቢ እንዲህ በታቆረ ውሃ ውስጥ ነው።

3ኛ፤ ቀዳዳው አልገኝ ሲል

ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ቤት ውስጥ ሆኖ ይመለከታል፤ ሌላው መሰላል ላይ ሆኖ በጣሳ ውሃ ያፈሳል። ውሃው ከታችኛው ረድፍ ተጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ያረጥበውና የቱ እንዳፈሰ አይለይም። ውስጥ ያለው «ገባ!» ሲል በዚያው ምልክት ማድረግ ነው።

ጥንቃቄ

መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር መራቅ አለበት፤ አንድ ሰውም ይያዘው። በእርጥብ ጣራ ላይ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አጠገብ መውጣት አይገባም። ኤተርኒት የሚባለው አሮጌ ክዳን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል መሰበርም ሆነ መፈግፈግ የለበትም፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

ዝናቡ ቀድሞ ከመጣና ውሃው አምፖል አጠገብ ከወረደ፣ እጅ ሳይረጥብ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት ይቀድማል። የራሰ ምንጣፍና ልብስ ሻጋታ ሳይዘው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይድረቅ። የሻገተውን ግድግዳ መስኮት ከፍቶ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይቻላል፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ግን ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል።

ተከራይም ቢሆን «ቤቱ የኔ አይደለም» ብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ያየውን ምልክት ለባለቤቱ በግንቦት ይንገር። አንድ ሸክላ መለወጥ ወይም ጥቂት ሚስማር መምታት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የበሰበሰውን ወራጅና ማገር መለወጥ ግን ቤት እንደ አዲስ እንደ መሥራት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለም?