አደጋ አደጋን ሲወልድ

መከራ ሲደራረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። እነዚያ ሁለት ሕመሞች ግን የሚገናኙት በአጋጣሚ ነው፤ በተፈጥሮ አደጋ ብዙ ጊዜ ፊተኛው ኋለኛውን ይወልደዋል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ በራያ ማሽላ ላይ የሰፈረው የበረሃ አንበጣ ለዚህ ምስክር ነው። በግንቦት 2010 መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን የተባሉት አውሎ ነፋሶች በዓረቢያ ምድረ በዳ ከባድ ዝናብ ጣሉ። አሸዋው ረጥቦ ሲለመልም አንበጣው ሰው በማይደርስበት ስፍራ እንቁላሉን ጥሎ ተራባ፤ በየመን በኩልም ባሕር ተሻግሮ ምሥራቅ አፍሪካ ገባ። ገበሬው ያየው ሰብሉን የጨረሰውን መንጋ ነው፤ መነሻው ግን ሁለት ዓመት ቀድሞ ባሕር ማዶ የጣለ ዝናብ ነበር።

መቀሌም ከእንዲህ ያለው ሰንሰለት የራቀች አይደለችም። በኩዊሃ አልፎ ወደ አብዓላ የሚወርደው መንገድ ከደጋው ወደ አፋር ስምጥ ምድር ያደርሳል። እዚያ ምድሪቱ እየተለጠጠች ስለምትሳሳ ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ ይገፋል። በመስከረም 1998 በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዓለቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ሲገባ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ እሳተ ገሞራም ፈነዳ። ኅዳር 14 ቀን 2018 የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ የአፍዴራን ግጦሽ ሸፍኖ ከብቱን መኖ አሳጣ። ነሐሴ 1994 ላይ ደግሞ ለመቀሌ ቅርብ በሆነው ሰሜን አፋር መጠኑ ከ5 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። ነሐሴ ተዳፋቱ ውኃ የሚጠግብበት ወር ነው፤ በበጋ ድንጋይ የሚያንከባልል ንዝረት በክረምት አፈሩንም ይዞ ሊወርድ ይችላል።

«ከምድር በታች ያለውን ማን ይገታዋል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ መነሻውን ማንም አይገታውም። ተከታዩን መግታት ግን ይቻላል። የትግራይ ገበሬ የካበው የድንጋይ እርከን ከእርሻ የሚታጠበውን አፈር በ68 በመቶ እንደሚቀንስ በጥናት ተለክቷል፤ ዝናቡ እንደ ወትሮው ይዘንባል፣ አፈሩ ግን አይሄድም። እርከን ከሥር የሚነሣ ናዳን አያቆምም ቢባልም እውነት ነው፤ እዚያ መፍትሔው በተዳፋቱ ላይ ቤት አለመሥራት ነው። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ከዝናብ በኋላ ናዳ ወረደ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡትን ሁለተኛ ናዳ ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ የመቀሌ ፕላን ጎርፍን፣ ተዳፋትንና የመሬት መንቀጥቀጥን በየፊናቸው ሳይሆን በአንድ ካርታ ሊያይ ይገባዋል። ነዋሪውም መሬት በተናደበት ስፍራ ተከታዩን ሳያስብ አይግባ።