«ጋሼ፣ ሽጥ!» ያልኩበት ቀን

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነበር። ኮሮና ሀገራችን ገባ ከተባለ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ዩኒቨርሲቲው ወደየቤታችን ሸኝቶናል። እኔም የኢኮኖሚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ እናቴ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ስልኬ ላይ የአክሲዮን ቻርት ማንበብ እማራለሁ። ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት ቪዲዮ አልነበረም። በአጭሩ፣ ትንሽ አውቄ ብዙ ያወቅኩ የመሰለኝ ሰሞን ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ ደወለ። ታክሲ ነው የሚሠራው። ከተማው ተዘግቶ ሥራ የለም። ለቤት ቅድመ ክፍያ ብሎ ለዓመታት ያጠራቀማት 20 ሺህ ዶላር ኤስ ኤንድ ፒ 500ን በሚከተል ፈንድ ውስጥ ነበረች። ይህ የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ ባንድ ላይ የሚለካ ኢንዴክስ ነው። ገንዘቡ በአንድ ወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ ተሸርሽሮ ወደ 15 ሺህ ወርዷል።

«ኢኮኖሚስቱ፣ ምን ትላለህ? ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ?» አለኝ።

በዋዜማው ቻርቱ ላይ አንድ ምልክት ታይቶ ነበር። የ50 ቀኑ አማካይ ዋጋ መስመር የ200 ቀኑን መስመር ከላይ ወደ ታች ሰንጥቆት ወርዷል። ነጋዴዎቹ «ዴዝ ክሮስ» ይሉታል፤ የሞት መስቀል እንደማለት። ስሙ ራሱ ያስደነግጣል።

«ጋሼ፣ ሽጥ። ትሬንዱ ዞሯል፤ ገና ይወርዳል» አልኩት። ሸጠ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ገበያው የወረደበትን ወለል የነካው ከሳምንት በፊት ነው። እኔ «ገና ይወርዳል» ስል እሱ መውጣት ጀምሯል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ስህተት ነው። ምክንያቱም በቴሌግራም በየቀኑ «ሪቨርሳል መጣ! አሁን ግቡ!» የሚሉ መልእክቶች ሲዘዋወሩ አያለሁ፤ ያኔ እኔ የሠራሁትን ስህተት ብዙ ሰው በራሱ ገንዘብ እየደገመው እንደሆነም እገምታለሁ።

ትሬንድ ማለት ምን ማለት ነው?

ቴክኒካል አናሊሲስ የአክሲዮንን አቅጣጫ ከኩባንያው የሂሳብ ሪፖርት ሳይሆን ካለፈው ዋጋውና ከተገበያየው መጠን ለመረዳት የሚሞክር ዘዴ ነው። የምዕራቡ ዓለም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1889 ዎል ስትሪት ጆርናልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ቻርልስ ዳው ነው። ሻማ የሚመስሉት የካንድል ቻርቶች ደግሞ ከጃፓን የሩዝ ነጋዴዎች የመጡ ናቸው።

የዳው ሐሳብ ከባድ አይደለም። እናቴ ከጉሊት ሽንኩርት ስትገዛ የምታየው ነገር ነው። እንበልና የአንድ ኪሎ ዋጋ 75 ብር ደረሰ፣ ወደ 68 ወረደ። እንደገና 90 ወጣ፣ ወደ 80 ወረደ። ልብ በሉ፤ ጫፉም ከቀድሞው ጫፍ ይበልጣል፣ ወለሉም ከቀድሞው ወለል ይበልጣል። ይህ ወደ ላይ የሚሄድ ትሬንድ ነው። ከ90 ወደ 80 መውረዱ ትሬንዱ ዞረ አያሰኝም፤ ትንፋሽ መሰብሰብ ነው።

አሁን ዋጋው ከ80 ተነስቶ 85 ላይ ቆመ እንበል። 90ን መሻገር አቃተው። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ ወርዶ 80ን ሰብሮ 78 ከገባ፣ ትሬንዱ ዞረ ለማለት በቂ ምክንያት አገኘን። ጫፉም ወለሉም ዝቅ ብሏልና። ቻርት አንባቢዎች «ራስና ትከሻ» የሚሉት ታዋቂ ቅርጽም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሦስት ጫፎች ናቸው፤ መሐለኛው ረዥም፣ የግራና የቀኙ አጠር ያሉ። የቀኙ ትከሻ «ገዢ ደክሟል» የሚል ወሬ ነው፤ ወሬው የሚረጋገጠው ግን ከሥር ያለው መስመር ሲሰበር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ያዙልኝ። ማረጋገጫው ሲመጣ ዋጋው 78 ነው። ጫፉ ግን 90 ነበር። 12 ብር አልፏል። 90 ላይ ሆኖ «ይሄ ጫፍ ነው» ማለት ግምት ነው፤ 78 ላይ ሆኖ ማለት ደግሞ የዘገየ እውቀት ነው። ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚሰጥ መሣሪያ የለም። ቀድመህ ከገባህ ብዙ ጊዜ ትሳሳታለህ፣ ከጠበቅህ ደግሞ የመጠበቂያ ትከፍላለህ።

አንድ ምልክት፣ ሁለት ውጤት

ወደ ሞት መስቀሉ እንመለስ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኦክቶበር 2007 ላይ 1,565 ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ ኢንዴክሱ 1,480 አካባቢ እያለ፣ የሞት መስቀሉ ታየ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የፋይናንስ ቀውስ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ማርች 9 ቀን 2009 ኢንዴክሱ 676 ገባ። ተቃራኒው ምልክት፣ ማለትም የ50 ቀኑ መስመር የ200 ቀኑን ከታች ወደ ላይ ሲሻገር የሚታየው «ጎልደን ክሮስ»፣ የመጣው ጁን 2009 ላይ ነው፤ ኢንዴክሱ 900 አካባቢ ሲሆን። ስለዚህ ሁለቱን ምልክቶች ብቻ የተከተለ ሰው 1,480 ሸጦ 900 ገዝቷል። ተዓምር ይመስላል።

አሁን 2020ን እንይ። ጫፉ ፌብሩዋሪ 19፣ በ3,386። ወለሉ ማርች 23፣ በ2,237። በ33 ቀን ውስጥ 34 በመቶ ወረደ። የሞት መስቀሉ ግን የታየው ማርች 30 ነው፤ ኢንዴክሱ 2,626 ሲዘጋ። ጎልደን ክሮሱ የመጣው ጁላይ ላይ፣ 3,150 አካባቢ ነው። ያንኑ ሕግ የተከተለ ሰው 2,626 ሸጦ በ3,150 ገዛ ማለት ነው። በርካሽ ሽጦ በውድ መግዛት!

ሕጉ አንድ ነው፤ ታዲያ ምን ለያየው? ፍጥነት። አማካይ ማለት ያለፈ ነገር ድምር ነው። የ50 ቀን አማካይ የሚያሳየው ላለፉት 50 የግብይት ቀናት ገበያው የነበረበትን ነው። በ2007 ውድቀቱ ቀስ ብሎ ስለመጣ መስመሮቹ ደረሱበት። በ2020 ግን መስመሮቹ እስኪሻገሩ ውድቀቱ አልቆ ነበር። በዚያ ላይ ማርች 23 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ያለ ገደብ ቦንድ እንደሚገዛ አስታወቀ፤ በዚያው ሳምንት ኮንግረሱ ሁለት ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ድጋፍ አጸደቀ። ይህን አስቀድሞ የሚናገር መስመር ቻርት ላይ የለም።

ቻርቱ ግን ነግሮኝ ነበር

ቁጭቴ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያኔ የሚያስፈራውን ስም ትቼ የሽንኩርቷን ሕግ ብይዝ ኖሮ ገበያው መዞሩን ማየት እችል ነበር።

የመዝጊያ ዋጋዎቹን ተመልከቱ። ማርች 23፣ 2,237። ማርች 26፣ 2,630። ኤፕሪል 1 ወደ 2,470 ወረደ፤ የቀድሞውን ወለል ግን አልነካም። ኤፕሪል 6 ደግሞ 2,663 ዘጋ፤ የቀድሞውን ጫፍ አለፈ። ከፍ ያለ ወለል፣ ከፍ ያለ ጫፍ። ያው የጉሊቷ ታሪክ ነው፤ ሲገለበጥ።

አጎቴ የሸጠው ማርች 31፣ ኢንዴክሱ 2,584 ሲዘጋ ነው። በዚያች ቀን «ጋሼ፣ ሽጥ» ብዬ ዝም ከምል፣ «ሽጥ፤ ግን ኢንዴክሱ ከ2,630 በላይ ከዘጋ ተሳስተናል ማለት ነውና ተመልሰህ ግባ» ብለው ኖሮ፣ ከሳምንት በኋላ በ2,663 ይመለስ ነበር። የስህተቴ ዋጋ 3 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። ይህን ስላላልኩ ፈርቶ ዳር ቆመ። ኦገስት 18 ኢንዴክሱ የፌብሩዋሪውን ጫፍ አልፎ ዘጋ፤ ዝም ቢል ኖሮ 20 ሺሁ ዶላር ተመልሶለት ነበር። እሱ የተመለሰው ኖቬምበር ላይ፣ በ3,550 አካባቢ ነው፤ ከሸጠበት ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ጨምሮ። ቤቱን የመግዛት ነገር ወደ ሌላ ዓመት ተላለፈ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር።

ስለዚህ እኔን ያከሰረኝ ምልክቱ መሳሳቱ ብቻ አይደለም። ምልክት ሁልጊዜም ይሳሳታል። ያከሰረኝ «ከተሳሳትኩ የት ላይ ነው የማውቀው?» የሚለውን አለመጠየቄ ነው።

ሌሎች ምልክቶችስ?

አር ኤስ አይን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አሜሪካዊው ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለፉትን 14 ቀናት ጭማሪና ቅናሽ አመዛዝኖ ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር ይሰጣል። ከ70 በላይ ሲሆን «በጣም ተገዝቷል»፣ ከ30 በታች ሲሆን «በጣም ተሽጧል» ይባላል። ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ነው። ጠንካራ ትሬንድ ውስጥ ያለ አክሲዮን ከ70 በላይ ሆኖ ለሳምንታት ሊጓዝ ይችላል። 70 የዳገት ምልክት ነው እንጂ የመጨረሻ ፌርማታ አይደለም።

ይልቅ ጠቃሚው ልዩነቱ ነው። ዋጋው አዲስ ጫፍ ሲነካ አር ኤስ አይው ከቀድሞ ጫፉ ዝቅ ካለ፣ መኪናው ዳገቱን እየወጣ ነው ግን ጉልበቱ እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ይህም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። የደከመ መኪናም አንዳንዴ ዳገቱን ይጨርሳል። ማረጋገጫው አሁንም ያው ነው፤ የመጨረሻው ወለል መሰበር። ሲሰበር ደግሞ የተገበያየው መጠን ከወትሮው ከፍ ብሎ ከታየ ይበልጥ ይታመናል፤ ብዙ ሰው በገንዘቡ ተስማምቶበታልና።

ሒሳቡ ከቻርቱ ይቀድማል

አሁን እኔ በልምምድ አካውንት ላይም ቢሆን የምጠቀምበት ሒሳብ ይኸው። 1,000 ዶላር አለኝ እንበል። በአንድ ግብይት ከ1 በመቶ፣ ማለትም ከ10 ዶላር በላይ ላለመክሰር ወስኛለሁ። አንድ አክሲዮን 50 ዶላር ላይ ዞሯል ብዬ አመንኩ። ተሳስቼ ከሆነ የማውቀው 48ን ሲሰብር ነው። በአንድ አክሲዮን የምከስረው 2 ዶላር ነው። 10ን ለ2 ሳካፍል 5፤ ስለዚህ የምገዛው 5 አክሲዮን ብቻ ነው። 20 አይደለም። ዋጋው በአንድ ሌሊት 48ን ዘሎ 46 ሊከፈት ስለሚችል ኪሳራው አንዳንዴ ከዕቅድ ያልፋል፤ ያም ሆኖ አያጠፋኝም።

ከ10 ግብይት 6ቱን ተሳስቼ 10፣ 10 ዶላር ብከስር 60 ዶላር ሄደ። በ4ቱ ትክክል ሆኜ እያንዳንዳቸው 30 ዶላር ቢሰጡኝ 120 መጣ። ኮሚሽንና ሌላው ወጪ ሳይነሳ 60 ዶላር ተረፈኝ። አብዛኛውን ጊዜ እየተሳሳቱም ማትረፍ ይቻላል ማለት ነው፤ ስህተቱ ትንሽ ሆኖ ከተቆረጠ። «90 በመቶ ትክክል ነን» የሚሏችሁ ቻናሎች በቀሪው 10 በመቶ ስንት እንደሚከስሩ ጠይቋቸው።

ይህን ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። በብራዚል የፊውቸርስ ገበያ በየቀኑ ገዝተው የሚሸጡ ጀማሪዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከ300 ቀን በላይ ከቀጠሉት ውስጥ 97 በመቶው እንደከሰሩ አግኝተዋል። የከሰሩት ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። እነሱም እንደ እኛው ቻርት ያያሉ።

የእኛው ገበያስ?

የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። «ቻርቱን አይተህ ንገረኝ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። መልሴ «ገና ነው» የሚል ነው። ቴክኒካል አናሊሲስ የብዙ ገዢና ሻጭ ስሜት የሚታይበት ብዙ ግብይት ይፈልጋል። በጉሊቱ በሳምንት አንድ ሰው ብቻ ሽንኩርት ከገዛ የሽንኩርት ትሬንድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የዚያ ሰውዬ ፍላጎት ነው። ግብይቱ እስኪደምቅ ድረስ የባንኩን የሂሳብ ሪፖርት ማንበብ ይሻላል።

በቅርቡ አጎቴ ደወለ። ገበያው ጥቂት ቀናት በተከታታይ ቀልቶ ነበር።

«ኢኮኖሚስቱ፣ ዞሯል እንዴ?»

«ጋሼ፣ እሱን አላውቅም» አልኩት። «ግን ልጠይቅህ፤ ይቺ ገንዘብ ለመቼ ነው የምትፈለገው? ከሸጥክስ፣ ምን ብታይ ነው ተሳስቻለሁ ብለህ የምትመለሰው?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።

«አሁን ገና ተመረቅክ» አለኝ።