ድምፁን ያጣው አሠልጣኝ

ሰውን የሚመራ ሰው ከጩኸት ይልቅ በሥርዓት መታመን እንዲገባው የታወቀ ነገር ነው። ዳሩ ግን ይህን በአፉ የሚናገረው ብዙ፥ በሥራው የሚያሳየው ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹም አንዱ በአሜሪካ አገር በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ስሙ የተጠራው ቢል ሻርማን ነው።

ሻርማን በ1926 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ግዛት በአቢሊን ከተማ ተወለደ። ከ1951 እስከ 1961 ዓ.ም. ለቦስተን ሴልቲክስ ቡድን ሲጫወት፥ ዋናው ሥራው ከሩቅ ሆኖ ኳስን ወደ ቅርጫቱ መወርወር ነበረ። እርሱ ባለበት ዘመንም ቡድኑ አራት ጊዜ የአገሩ አሸናፊ ሆነ። በቅጣት ውርወራ ሰባት ጊዜ ከማኅበሩ ተጫዋቾች ሁሉ ላቀ፤ በ1959 ዓ.ም. በተፈጸመው የውድድር ዘመን ከ100 ውርወራ 93 ያህሉን አግብቶአል። ይህም በዕድል የተገኘ አይደለም። ጨዋታ ባለበት ቀን፥ ልቡ እንዲረጋና እጁ እንዲፍታታ፥ ገና በጠዋቱ ወደ መጫወቻው እየሄደ ይለማመድ ነበረና ነው።

አሠልጣኝ በሆነ ጊዜም ይህን ልማዱን ለቡድኖቹ ሥርዓት አደረገው። በ1971 ዓ.ም. የዩታ ስታርስን ቡድን ለድል ካበቃ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተጠራ። ይህ ቡድን ወደ ሎስ አንጀለስ ከመጣበት ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባት ጊዜ ለመጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ ሰባቱንም ጊዜ ተሸንፎ ነበር። በቁመቱና በጉልበቱ የታወቀው ዊልት ቻምበርሊን ረፋዱን መተኛት የለመደ ሰው ስለ ነበረ፥ በጠዋት ይነሣል ብሎ ተስፋ ያደረገ አልነበረም። ሻርማን ግን በክብር አነጋግሮ እሺ አሰኘው። ከኅዳር 1971 እስከ ጥር 1972 ዓ.ም. ሌከርስ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ይህንንም ቁጥር በዚያ ማኅበር እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። በዘመኑም ፍጻሜ የኒው ዮርክን ቡድን ድል አድርጎ ዋንጫውን ወሰደ።

ነገር ግን ድሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሻርማን በዚያው የውድድር ዘመን ከሜዳው ዳር ሆኖ ሲጮኽ የጉሮሮው ጅማት ተጎዳ፤ ድምፁም ወደ ቀድሞው ሁኔታ ከቶ አልተመለሰም። እንዲህም ሆኖ እስከ 1976 ዓ.ም. አሠልጣኝ ሆኖ ቆየ። ከዚያም የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በ1980 እና በ1982 ዓ.ም. ቡድኑ ሲያሸንፍ በዚሁ ሹመት ላይ ነበረ። በታላላቅ የቅርጫት ኳስ ሰዎች መታሰቢያ አዳራሽ ስሙ በ1976 ዓ.ም. በተጫዋችነት፥ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአሠልጣኝነት ገባ። በ2013 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ዐረፈ።

ያ የጠዋት ልምምድ ከዚያ በኋላ የብዙ ቡድኖች ልማድ ሆኖአል። እንግዲህ የሻርማን ጩኸት ጉሮሮውን ጎዳው እንጂ ሌላ ያተረፈለት መኖሩ አይታወቅም፤ አስቀድሞ በራሱ ላይ ፈትኖ ለሌላው ያወረሰው ሥርዓት ግን እርሱ ዝም ካለ በኋላም ይሠራል። ሹም የሆነ ሰው ይህን ቢያስተውል፥ በበታቾቹ ላይ ድምፁን ከማንሣቱ በፊት ራሱ በጠዋት መነሣቱን ይመረምራል።